ላብ፣ ካናቴራና የመርካቶ ሻይ

የመጋቢት ፀሐይ መርካቶ ላይ ስትበረታ ማንንም አትምርም። የሱቁ ቆርቆሮ ይግላል፤ ከበርበሬ ተራ የሚነሣው ብናኝ ከጭነት መኪናው ጢስ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ተሸካሚው ጆንያውን በጀርባው አዝሎ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ሕዝቡን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከግንባሩ የሚወርደው ላብ ዐይኑን ይጋርደዋል። በእንዲህ ያለ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በአንድ የሰልባጅ ነጋዴ ደጃፍ አጠገብ ባለች ጠባብ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር።

ከቦንዳ የተፈታው ልብስ በላስቲክ ላይ ተቆልሏል። ከቁልሉ ፊት አንድ ቀጭን ወጣት ቁጢጥ ብሎ ከሥር ከሥር ይፈትሻል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት ስስ የሩጫ ካናቴራ መዝዞ አወጣ። ደረቷ ላይ የአንድ የሩቅ አገር ውድድር ስም ተጽፎ ነበር፤ ፊደሉ ግን ከእጥበት ብዛት ደብዝዟል። ጎንና ጎኗ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ስንት ናት?»

ሽማግሌው ነጋዴ ካናቴራዋን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩአት። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ፊታቸው ላይ አረፈ።

«ይቺ ደግሞ ምን ልብስ ትባላለች ልጄ? ቀዳዳ ብቻ እኮ ናት! ለሩጫ ከሆነ ይህን ቱታ ልስጥህ። ወፍራም ነው። ላብህን ጥርግ አድርጎ ያወጣልሃል።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ላቡስ አለኝ ጋሼ። የቸገረኝ መውጫው ነው።»

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የዚያች የአንድ ወጣት ንግግር ማብራሪያ ነው ብትል አልተሳሳትህም።

* * *

ከስሞቹ እንጀምር። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የወረራ ዘመን የጣሊያን ገዢዎች ከተማይቱን በዘር ከፍለው ሲነድፉ፣ አራዳን ለነጮች አስቀርተው የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። የገፉት ሄዱ፤ የሰጡት ስም ቀረ። የተገፋው ሕዝብ ግን የተገፋበትን ሜዳ አገር አደረገው፤ በየተራው ሸማውንም፣ ቅመሙንም፣ ጎማውንም፣ ቆርቆሮውንም ደርድሮ የአገሪቱ ንግድ እንብርት አደረገው።

የሯጭ ልብስ ስሞችም እንደ ገበያው ስም ናቸው። ማልያ፣ ካናቴራ፣ ቱታ፣ ካልሲ የምንላቸው ሁሉ በዚያው በጣሊያንኛ መንገድ ወደ አማርኛችን የገቡ ቃላት ናቸው። ሰልባጅ ደግሞ ከእንግሊዝኛ መጣ። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ቁምጣና ባዶ እግር ብቻ የራሳችን ሳይሆኑ አይቀሩም። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ኋላ ወደ ሮማ ስንሄድ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ እናያለን።

የኢትዮጵያ ሯጭ በአመዛኙ የደጋ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት እንጦጦ ጫካ የገባ ሰው ሯጮቹን ከማየቱ በፊት ትንፋሻቸውን እንደ ጉም ሲተን ያያል። ቱታ በቱታ ላይ ደርበው፣ ኮፍያ ደፍተው፣ አንዳንዶቹም ጓንት አጥልቀው፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ በዛፉ መካከል ይጥመለመላሉ። ፀሐይ ወጥታም ልብሳቸውን ቶሎ አያወልቁም። «ላብ ያወጣል» ይላሉ፤ ላብ የወጣለት ሰውነት የቀለለ ይመስላቸዋል። በላብ የሄደው ክብደት ግን ሁለት ብርጭቆ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ብቻ የሄደ ነው። ደገኛ ልብስ መደረብን ከእናቱ ይማራል፤ ማውለቅን ግን ከአሠልጣኝና ከመከራ ነው የሚማረው።

የሰው ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ እንቅስቃሴ ይሆናል፤ የተረፈው ሁሉ ሙቀት ነው። ሯጭ ማለት እንግዲህ እየሮጠ የሚሄድ ምድጃ ነው። የዚህ ምድጃ ማብረጃ ላብ ነው፤ ነገር ግን ላብ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ አያበርድም። የሚያበርደው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። ወፍራም ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ረጥቦ ይከብዳል፤ በቆዳና በነፋስ መካከል ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ በሙቀት አገር የሚሮጥ ሰው የሚለብሰው ስስ፣ ሰፋ ያለ፣ ብብትንና አንገትን ለነፋስ የሚተው፣ ቀለሙ የፈካ ልብስ ነው። ሽማግሌው ነጋዴ «ቀዳዳ ብቻ» ያሉት ነገር በእውነትም ቀዳዳ ነው፤ ሯጩ ከልብሱ የሚፈልገውም ያንኑ ቀዳዳ ነው።

* * *

ይህን ሳይረዳ ሕይወቱን የከፈለ ሰው አለ። በሐምሌ 1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1912) በስቶክሆልም ኦሊምፒክ የማራቶን ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ፍራንሲሽኮ ላዛሮ የተባለ የፖርቱጋል ሯጭ፣ በሙያው አናጢ፣ ፀሐይ እንዳታቃጥለው ብሎ ሰውነቱን ሰም መሰል ቅባት ተቀብቶ ተሰለፈ። ቅባቱ ፀሐይን ከለከለ፤ ላብንም ከለከለ። 30ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደቀ፤ በማግስቱም ሞተ። በዘመናዊው ኦሊምፒክ በውድድር ምክንያት የሞተ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በዚያ ቀን ሩጫውን ከጀመሩት 68 ሰዎች ግማሽ ያህሉ አልጨረሱም። ላዛሮ ራቁቱን የሮጠ ያህል ነበር፤ ዳሩ ግን በቅባት የተደፈነ ራቁትነት ከወፍራም ካፖርት ይብሳል።

ኦሊምፒኩን የሚያዘጋጁት ሰዎችም ከጊዜ በኋላ ትምህርት ሳይወስዱ አልቀሩም። በ1952 ዓ.ም. በሮማ ማራቶኑ ቀትርን ሸሽቶ በምሽት እንዲጀመር ተደረገ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አዲስ አበባ ለችቦና ለቄጤማ ስትሰናዳ፣ ሮማ ላይ ከምሽቱ 11:30 ሰዓት ሲሆን ሯጮቹ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ግርጌ ተነሡ።

የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ አረንጓዴ ካናቴራና ቀይ ቁምጣ ለብሶ ነበር፤ ቁጥሩ 11። እግሩ ባዶ ነበር። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የምናወራው በተሳሳተ ልብ ነው። የውጭ ሰዎች «ጫማ መግዣ ያጣ ደሃ» አድርገው ያወሩለታል፤ እኛም አንዳንዴ በኩራት፣ አንዳንዴ በእንባ እንቀበላቸዋለን። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ ልኩ የሆነ ግን አላገኘም፤ ያገኘው እግሩን አላስመቸውም። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ቀድሞም በባዶ እግር ይለማመድ ነበርና የማይስማማውን ትቶ የለመደውን ይዞ ወጣ። ያ ድህነት አይደለም። ለአንድ ምሽት፣ ለአንድ መንገድ የሚሆነውንና የማይሆነውን የለየ ሰው ውሳኔ ነው።

በዚያ ምሽት ልብስ አንድ ሌላ ተንኮልም ሠርቷል። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደስላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ለብሶ መጣ። አበበ ከ185 ጎን ለጎን እየሮጠ 26ን ከፊት ለፊት ይፈልግ ነበር ይባላል። የሌለ ሰው እያሳደደ ያለውን ሰው አስጨነቀው! በአፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳርና ዳር ቆመዋል፤ በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው በሩጫው መንገድ ዳር ነበር (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል)። አበበ በዚያው አቅራቢያ ፍጥነቱን ጨመረ፤ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥርም በ2:15:16.2 ቀድሞ ገባ። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ተከተለ።

ማልያን፣ ካናቴራን፣ ቱታንና ካልሲን ከነስማቸው ያመጣችብን ሮማ፣ በዚያ የዋዜማ ሌሊት የመርካቶን አገር ሰው ከነባዶ እግሩ ተቀበለች። መጀመሪያ ላይ በቀልድ ያነሣሁት ነገር ወደዚህ ያመራል።

አበበ ቢቂላ ግን ባዶ እግርን ሃይማኖት አላደረገውም። በሰኔ 1953 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ ለምኖና አግባብቶ ጫማ አስደረገው። የኦሳካ ሰኔ ወበቅ ነው። አሸነፈ፤ ነገር ግን በ2:29:27 ነው የገባው፤ ከሮማው በ14 ደቂቃ ዘግይቶ። ሰውየው ያው ነው፤ እግሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ሰማዩም ጭምር ነው። በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ነጭ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ወጣ። ሰማዩ ዳመና ነበር። በ2:12:11.2 የዓለም ምርጥ ሰዓት ገባ፤ ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲደርስ እርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ባዶ እግሩ ድህነት ቢሆን ኖሮ ነጭ ካልሲው ሀብት በሆነ ነበር። ሁለቱም አልነበሩም። እንደ ቀኑ መልበስ ነበር።

ይህን ስናወራ ከሮማው ምሽት አንድ ሰው እንደምንረሳም ልብ በል። ከአበበ ቢቂላ ጋር የተሰለፈው ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጂራ ሰባተኛ ወጥቷል። ከዓለም ሰባተኛ! ያው አውሮፕላን፣ ያው ምሽት፣ ያው ስም። ታሪክ ግን ለአንድ አበበ ብቻ ነበር ቦታ ያላት።

* * *

ከዚያ በኋላም ሙቀት የኢትዮጵያን ሯጮች ደጋግሞ ፈትኗቸዋል። በሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ ወበቁ ተፈርቶ የሴቶች ማራቶን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተጀመረ። የአርሲዋ ደገኛ ፋጡማ ሮባ በ2:26:05 ገባች፤ ተከታይዋን ልክ በሁለት ደቂቃ ቀድማ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

ዶሃ ግን ሌላ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ቀኑን ሙሉ በሙሉ ሸሽቶ እኩለ ሌሊት ላይ ተደረገ። የሴቶቹ ሩጫ የተነሣው በመስከረም 16 ሌሊት፣ እኛ አገር የደመራው ፍም ገና ሳይጠፋ ነው። ሌሊት ቢሆንም ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ ርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። አየሩ ራሱ ውኃ ሲጠግብ ላብ ወዴት ይተናል? ከተነሡት 68 ሴቶች 28ቱ አልጨረሱም። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከመንገድ ቀሩ። ያሸነፈችው የገባችበት ሰዓት 2:32:43 ነበር። ስቶክሆልምም 68፣ ዶሃም 68፤ በመካከላቸው አንድ መቶ ሰባት ዓመት አለ። ልብሱ ተሻሽሏል፤ ውኃው፣ በረዶውና ሐኪሙ በየርቀቱ ቆመዋል፤ ሆኖም ላብ መውጫ ሲያጣ ሰው ያው ሰው ነው።

ከስምንት ቀን በኋላ፣ በመስከረም 24፣ እዚያው ዶሃ፣ ከሴቶቹ ሌሊት ሻል ባለ አየር ወንዶቹ ሮጡ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2:10:40 አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በአራት ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ወጡ። ያን ጊዜ በደስታችን የሴቶቹን ሌሊት ረሳነው። መርሳት አልነበረብንም። በአንድ ከተማ፣ በስምንት ቀን ልዩነት፣ ሽንፈትና ድልን የለየው የልብ ጽናት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምረን ነበርና። ያቋረጠችው ሯጭ ደካማ አልነበረችም። ሰማዩ የላቧን በር ዘግቶባት ነበር።

* * *

ወደ ሻይ ቤቷ እንመለስ።

ወጣቱ ከነጋዴው ጋር ሲከራከር ቆይቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት እንደሚሮጥ፣ ቀን ቀን እዚያው መርካቶ ጭነት እንደሚያወርድ ነገረኝ። በወሩ መጨረሻ ቆላ ውስጥ ውድድር አለበት። ከአንድ እስከ አምስት የወጡትን አንድ ክለብ በደመወዝ ይይዛቸዋል። ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ከአንድ ልብስ በላይ አይገዛም፤ ወይ ቱታውን ወይ ካናቴራዋን። ቱታው ንጋት ላይ ከብርድ ያድነዋል፤ ካናቴራዋ ለአንድ ቀን ብቻ ናት። «እና ምን ወሰንህ?» አልሁት። «መጀመሪያ ሻይ ልጠጣ» አለ።

መርካቶ ውስጥ ምንም ነገር ያለ ሻይ አይወሰንም። ዋጋ የሚቆረጠው፣ ዕዳ የሚራዘመው፣ የተጣላ የሚታረቀው «ሻይ እንበል» ተብሎ ነው። ለላከው ልጅ የሚሰጠው ጉርሻም «የሻይ» ይባላል። የሚገርመው ይህ ሁሉ በቡና አገር መሆኑ ነው። እንዲያውም ከታወቁት የሻይ እርሻዎቻችን አንዱ፣ ውሽውሽ፣ ያለው ቡና ስሙን ወረሰው በሚባልለት በካፋ ነው፤ ሌላው ጉማሮ በኢሉባቦር ነው። ቡና ጊዜ ይፈልጋል፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ሦስት ጊዜ ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ሻይ ግን ለሚቸኩል ሰው ነው። ተሸካሚው ጆንያውን አውርዶ ቀጣዩ መኪና እስኪመጣ ድረስ ባለችው ጊዜ ቆሞ ይጠጣዋል።

ምርጫው ደግሞ እንደ ጠጪው ነው። «ቀጭን» የሚል አለ፤ «ወፍራም» የሚል አለ። ጉሮሮው የታመመ በዝንጅብል ያዛል፤ ሆዱ የተረበሸ በሎሚ። ከቡናም ከሻይም መለየት ያቃተው ስፕሪስ ይላል፤ ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ደራርበው ይሰጡታል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ሄሉ የሚመጣው ከጥቂት እርምጃ ማዶ ካለው የቅመም ተራ ነው።

የሻይ ቤቷ እመቤት ስኳር ከተወደደ ወዲህ ስኳሩን ከሻይው ለይታ በትንሽ ሰሐን ቆጥራ ታቀርባለች፤ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ማንኪያ። ወጣቱ የእርሱን ሁለት ማንኪያ በአንድ ጊዜ ገልብጦ እያማሰለ የእኔን ያልተነካ ሰሐን አየ።

«ጋሼ፣ ስኳር አይወዱም?»

«ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ቀረፋና ቅርንፉድ ይበቃኛል።»

የሰው የሻይ ምርጫ የሕይወቱ ታሪክ ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ በኋላ ስኳር በከተማ ሰው ቤት ብርቅነቱ እየቀነሰ ሄዶ ነበር። እኔ ባደግሁበት በደርግ ዘመን ግን ስኳር በራሽን ሆነ። ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ወረፋ ተጠብቆ፣ በቤተሰብ ቁጥር ተመዝኖ ይመጣል። እናቴ ለሁላችንም በማንኪያ አፍ እየለካች ታድልና የራሷን ብርጭቆ ባዶውን ትይዘዋለች። «እኔ ስኳር አልወድም» ትለን ነበር። አመንናት። ብዙ ዓመት አልፎ፣ ስኳር እንደልብ ሆኖ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ሻይዋ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስትጨምር እስካየኋት ቀን ድረስ አመንኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ መልስ አላገኘሁለትም።

ይህንን ለወጣቱ አልነገርሁትም። እርሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው፤ «በዚህ ሙቀት ትኩስ ነገር መጠጣት አይከፋም?» አለኝ። ሽማግሌው ነጋዴ ከደጃፋቸው ሆነው ቀደሙኝ፤ «ሙቀትን የሚያበርደው ሙቀት ነው ልጄ!»

ለካ ሽማግሌው እንዲሁ አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳው የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብስክሌት የሚጋልቡ ሰዎችን ትኩስና ቀዝቃዛ ውኃ እያጠጡ ለክተዋል። ትኩስ የጠጣው ሰውነት ይበልጥ ያልበዋል፤ የላቡም መብዛት ከመጠጡ የገባውን ሙቀት አካክሶ ይተርፋል፤ በመጨረሻ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ከቀዝቃዛ ጠጪው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን አንድ ትልቅ «ግን» አለው። ይህ የሚሆነው ላቡ ሙሉ በሙሉ መትነን ከቻለ ብቻ ነው። አየሩ ደረቅ፣ ልብሱ ስስ ሲሆን ነው። በዶሃ ሌሊት ወይም በወፍራም ቱታ ውስጥ ትኩስ ሻይ እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው።

ስለዚህ ሻይውና ካናቴራው አንድ ሕግ ነው የሚገዛቸው። ላብ ይምጣ፤ ላብም ይሂድ። በመርካቶ የሚውል ሰው ይህን በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው። በአንድ ዘመን «ላብ አደር» እያሉ በሰልፍና በመፈክር ያወደሱት ሰው እርሱ ነበር፤ መፈክሩ አለፈ፤ ጆንያው ግን ዛሬም ጀርባው ላይ ነው። ላብ ማውጣትን ያስተማረው ብዙ ነው። የላቡን መውጫ ያሰበለት ግን ጥቂት ነው።

ይህን ያህል ነግሬው ሻይውን ጨርሶ ተነሣ። ወደ ነጋዴው ሄዶ ቱታውን አንድ ጊዜ ዳሰሰ፤ ብርዱን ያስታወሰ መሰለኝ። ከዚያ ካናቴራዋን አንሥቶ ከፈለ። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ በጋዜጣ ጠቀለሉለት፤ «ቀዳዳ በብር የሚገዛ ትውልድ!» እያሉ።

* * *

በሚያዝያ አጋማሽ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መጣ። ፀሐይ በልታው ጠቁሯል። ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ዘጠነኛ ወጥቷል። ክለቡ አምስት ብቻ ነው የወሰደው።

«አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛዬ ከእኔ ይፈጥናል» አለ። «ወፍራም የጥጥ ቲሸርት ለብሶ ወጣ። ስንነሣ ቀድሞኝ ነበር። በኋላ ቲሸርቱ ላብ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደው፤ 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እኔ ጨረስሁ ጋሼ። ካናቴራዋ ደረቷ እንኳ አልረጠበም።»

«ከእንግዲህስ?»

«በጥቅምት ሌላ አለ።»

ነጋዴው ከደጃፋቸው ሆነው ሰምተዋል መሰለኝ ዝም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከቁልሉ ሥር አንድ ሌላ ስስ ካናቴራ መዘዙና ለብቻዋ በምስማር ላይ ሰቀሏት።

የሻይ ቤቷ እመቤት ሁለት ብርጭቆና ሁለት ትንንሽ ሰሐን ስኳር አምጥታ አስቀመጠች። ወጣቱ የራሱን ገለበጠና ማማሰል ጀመረ። ከግንባሩ ላይ ላቡ ገና አልደረቀም ነበር። የእኔን ሰሐን ወደ እርሱ ብርጭቆ ገፋሁለት።

«እርስዎስ?» አለኝ።

«ጨምር፣ ጨምር» አልሁት። «እኔ ስኳር አልወድም።»